የንግድ ሕንጻ ገማች ሆኖ ለማዘጋጃ ቤት መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን የጻፍኩት ለሁለት ዓይነት ሰዎች ነው። አንደኛው ሥራውን ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ እያለ የሚያመነታ ነው። ሌላው የሕንጻው ግምት ደርሶት በንዴት "እነዚህ ሰዎች ይህን ቁጥር ከየት አመጡት?" የሚል ነው። ጥያቄያቸው ብዙም አይለያይም።

ሥራው በአጭሩ ምንድነው?

ቢሮ፣ ሱቅ፣ መጋዘን፣ ሆቴል፣ ፋብሪካ፣ የኪራይ አፓርታማ፣ ባጠቃላይ ገቢ የሚያስገባ ንብረት በአንድ በተወሰነ ቀን ገበያ ላይ ቢወጣ ስንት ያወጣ ነበር ብሎ መገመት። ማዘጋጃ ቤቱ ግብሩን የሚጥለው በዚያ ግምት ላይ ነው።

ለባንክ የሚሠራ ገማች አንድ ሕንጻ ይዞ ሳምንት ሊቀመጥበት ይችላል። የእኛ ሥራ ጅምላ ነው። ለአንድ ሰው ብዙ መቶ፣ አንዳንድ ቦታ ብዙ ሺህ ንብረት ይመደብለታል። ሁሉንም እየዞሩ መሥራት ስለማይቻል "በዚህ ሰፈር ያለ፣ ደረጃው እንዲህ የሆነ ቢሮ በካሬ ይህን ያህል ይከራያል፣ ከዚህ ውስጥ ይህን ያህሉ ባዶ ይከርማል፣ ወጪው ይህን ያህል ነው" የሚል ሞዴል አውጥተን በሁሉም ላይ እናወርደዋለን። ከዚያ በሞዴሉ አልገባ ያሉትን አንድ በአንድ እናያለን። ጊዜ የሚበላውም፣ ደስ የሚለውም እነዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ግብሩን የምትጨምሩት እናንተ ናችኋ!

የግብሩን ተመን፣ ማለትም ከግምቱ ስንት በመቶ እንደሚከፈል፣ የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው። ግን እጃችን የለበትም ብዬ አልዋሽም።

በብዙ ቦታ ምክር ቤቱ መጀመሪያ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ይወስናል፣ ከዚያ ያንን ለጠቅላላው የንብረት ግምት ያካፍለዋል። በዚህ አሠራር የሁሉም ሰው ግምት እጥፍ ቢሆን ተመኑ በግማሽ ይወርዳል፣ ማንም አንዲት ሳንቲም አይጨምርም። ችግሩ የሚመጣው አንዱ ተነክቶ ሌላው ሲዘለል ነው። ሁለት ሕንጻ ብቻ ያላት ከተማ አስቡ። ሁለቱም በገበያ 10 ሚሊዮን፣ 10 ሚሊዮን ያወጣሉ። ከተማዋ 200 ሺህ ትፈልጋለች። በትክክል ከተገመቱ እያንዳንዳቸው 100 ሺህ ይከፍላሉ። አሁን አንዱን በ6 ሚሊዮን ገመትኩት እንበል። እሱ 75 ሺህ ይከፍላል፣ ያኛው 125 ሺህ። ያኛው ሰውዬ ግምቱ ትክክል ስለሆነ አቤት የሚልበት ነገር እንኳ የለውም፤ ግን 25 ሺህ ከኪሱ ወጥቷል፣ ማን እንደወሰደበትም አያውቅም።

ለእኔ የዚህ ሙያ ዋናው ነገር ይኸው ነው። ግምት ግብር አይፈጥርም፣ ያከፋፍላል። ለአንዱ የዋልክለት ውለታ በሌላው ሂሳብ ላይ ይወጣል።

ሕግ ተመኑን የቆረጠበት ቦታ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ካሊፎርኒያ በ1978 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሕዝብ ድምፅ ግብሩን ከግምቱ 1 በመቶ ላይ፣ የግምቱን ዓመታዊ ጭማሪ ደግሞ 2 በመቶ ላይ ገደበችው። ንብረቱ ወደ ገበያ ዋጋ የሚመለሰው ባለቤት ሲቀየር ወይም አዲስ ግንባታ ሲኖር ነው። ስለዚህ ጎን ለጎን የቆሙ መንትያ ሕንጻዎች፣ አንዱ ከሠላሳ ዓመት በፊት ሌላው አምና ስለተገዛ ብቻ፣ አንዱ የሌላውን ብዙ እጥፍ ሊከፍል ይችላል። እዚያ የሚሠራ ገማች ትልቁ ራስ ምታቱ "ባለቤቱ ተቀይሯል ወይስ አልተቀየረም?" የሚለው ነው፤ በተለይ የተሸጠው ሕንጻው ሳይሆን ሕንጻውን የያዘው ኩባንያ አክሲዮን ሲሆን።

ዋጋውን እንዴት ነው የምታሰሉት?

ትምህርት ቤት ሦስት መንገድ ነው የሚያስተምሩት። ሕንጻውን ዛሬ ለመሥራት ስንት ይፈጃል ብሎ እርጅናውን መቀነስ፣ ተመሳሳዩ ስንት ተሸጠ ብሎ ማወዳደር፣ የሚያስገባውን ኪራይ ወደ ዋጋ መቀየር። ለመኖሪያ ቤት ሽያጭ በቂ ነው፣ በየቀኑ ይሸጣላ። የንግድ ሕንጻ ግን በዓመት ስንቱ ይሸጣል? የተሸጠውም ንጹሕ አይደለም፤ ለዘመድ የተላለፈ አለ፣ ከነዕዳው የሄደ አለ፣ ከዕቃውና ከንግድ ስሙ ጋር በአንድ ዋጋ የተጠቀለለ አለ። ስለዚህ ዋናው መንገዳችን ገቢ ነው።

በቁጥር እንየው። ሕንጻው ሙሉ በሙሉ ቢከራይ በዓመት 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ያስገባል። 10 በመቶው ባዶ ይከርማል ብለን 140 ሺህ እንቀንስ። ለጥበቃ፣ ለጽዳት፣ ለኢንሹራንስ፣ ለጥገናና ለአስተዳደር 260 ሺህ ይወጣል። 1 ሚሊዮን ይተርፋል። ይህን በካፕ ሬት (ገዢዎች ለእንዲህ ዓይነት ሕንጻ የሚጠብቁት ዓመታዊ ተመላሽ ነው) እናካፍላለን። 8 በመቶ ከሆነ 12 ሚሊዮን ከ500 ሺህ ይመጣል።

እዚህ ጋ ሁለት ሰው ይጣላል። የመጀመሪያው የብድር ወለዱን ወጪ ውስጥ የሚከት ባለቤት ነው። ወለድ አይገባም፤ ሕንጻው ከማን እንደተበደርክ አያውቅም። ሁለተኛው ብልህ ነው፣ "የንብረት ግብሩንስ ለምን አልቀነሳችሁም?" ይላል። እውነቱን ነው፣ ግብሩ ወጪ ነው። ግን ግብሩን ለማወቅ ዋጋው ያስፈልጋል፣ ዋጋውን ለማወቅ ግብሩ ያስፈልጋል። ከዚህ አዙሪት የምንወጣው ግብሩን ከወጪ አውጥተን ተመኑን ካፕ ሬቱ ላይ በመደመር ነው። ግብሩ 2 በመቶ ከሆነ 8 ሲደመር 2፣ 10 በመቶ። 1 ሚሊዮን ሲካፈል ለ10 በመቶ፣ 10 ሚሊዮን። ሂሳቡን ወደ ኋላ ፈትሹት፦ የ10 ሚሊዮን 2 በመቶ 200 ሺህ ነው፣ ከ1 ሚሊዮኑ ሲቀነስ 800 ሺህ፣ እሱ ለ8 በመቶ ሲካፈል ያው 10 ሚሊዮን። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚመጣ ሰው ይህችን ካስረዳኝ ሌላውን በኋላ እናስተምረዋለን።

ካፕ ሬቱን ከ8 ወደ 7 ማውረድ ደግሞ ያንን 12 ሚሊዮን ተኩል ከ14 ሚሊዮን በላይ ያደርገዋል። ስለ ግማሽ ፐርሰንት ሰዓት ሙሉ ስንከራከር ብታዩ አትሳቁብን።

የኪራዩን መረጃ ከየት ታገኛላችሁ? ባለቤቱ እውነቱን ይናገራል?

በአብዛኛው ከራሱ ከባለቤቱ። በየዓመቱ ቅጽ ይላክለታል፣ ገቢና ወጪውን ይሞላል። ኒውዮርክ ከተማ ለምሳሌ ገቢ የሚያስገቡ ንብረቶች ባለቤቶች መግለጫ እንዲያስገቡ ታስገድዳለች፣ ያላስገባ ይቀጣል። ቅጣት በሌለበት ቦታ ቅጹ ባዶውን ይመለሳል፣ ወይም ጭራሽ አይመለስም።

ዓይን ያወጣ ውሸት ብዙ አይገጥምም። የሚገጥመው ግማሽ እውነት ነው። የኪራይ ዝርዝር ሲሰጧችሁ ባዶ ክፍሎቹ በደማቅ ቀለም ተሰምረው ይመጣሉ፤ የፓርኪንጉ ገቢና ጣሪያው ላይ የቆመው የቴሌኮም አንቴና ኪራይ ግን ይረሳል። ስለዚህ ዝርዝሩን ብቻ ሳይሆን ውሉን እንጠይቃለን።

ውል ማንበብ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በካሬ 100 ይላል እንበል፣ የአምስት ዓመት ውል። ወደ ኋላ ገጽ ስትሄዱ "የመጀመሪያው ስድስት ወር ከኪራይ ነጻ" የሚል አለ። ከ60 ወር ውስጥ የሚከፈለው 54ቱ ነው፣ ስለዚህ 100 የተባለው በእውነት 90 ነው። አከራዩ ለተከራዩ ወለልና ኮርኒስ ካሠራለት ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። በተቃራኒው ኢንሹራንሱንም፣ ጥገናውንም፣ ግብሩንም ተከራዩ የሚከፍልበት ውል አለ፤ እዚያ ላይ ኪራዩ ዝቅ ያለ ቢመስልም ለአከራዩ ኪስ ይሻላል። ሁለቱን ውል ሳያመሳስል ያወዳደረ ገማች ይግባኝ ላይ ይላጫል። ተከራዩ የባለቤቱ ወንድም ኩባንያ ከሆነ ደግሞ ውሉ ላይ ያለው ቁጥር ገበያውን አይነግራችሁም።

መስክ ስትወጡ ምንድነው የምታዩት?

መጋዘን ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ወደ ላይ ነው የማየው። ከወለል እስከ ጣሪያው ብረት ስንት ሜትር ነው? ተከራይ ዕቃውን የሚደረድረው ወደ ላይ ስለሆነ ስፋቱ አንድ ሆኖ ከፍታው ዝቅ ያለ መጋዘን ዋጋው ይወርዳል። ከዚያ የጭነት በሮቹን ቁጥር፣ የምሰሶዎቹን ርቀት፣ ትልቅ መኪና ግቢው ውስጥ መዞር መቻል አለመቻሉን አያለሁ። ቢሮ ከሆነ ሊፍቱን፣ ጄኔሬተሩን፣ ከመስኮት ርቆ የጨለመው ቦታ ስንት እጅ እንደሆነ። የኤሌክትሪክ ቆጣሪዎቹን መቁጠር አትርሱ። ባለቤቱ "ሦስት ተከራይ ነው ያለኝ" ብሎ ግድግዳው ላይ ሰባት ቆጣሪ ከተሰቀለ ጨዋታ አለ።

ሱቅ ላይ የመንገድ ፊቱ ነው ነገሩ። እንግሊዞች ለዚህ ቆንጆ ዘዴ አላቸው። ሱቁን ከመስታወቱ ወደ ውስጥ በየ6.1 ሜትሩ ይሸነሽኑታል። የመጀመሪያው ሽንሽን ሙሉ ዋጋ፣ ሁለተኛው ግማሽ፣ ሦስተኛው ሩብ። ስለዚህ ሰፊ ፊት ያለው አጭር ሱቅ፣ እንደ ኮሪደር ወደ ውስጥ ከሚሮጥ ጠባብ ሱቅ ይበልጣል፣ ካሬው እኩል ቢሆንም።

ሆቴል ሲገመት ንግዱም አብሮ ይገመታል?

መገመት የለበትም፣ መለየት ግን ጣጣ ነው። የምንገምተው መሬቱንና ሕንጻውን ነው። ሆቴሉ የሚያስገባው ገንዘብ ግን ከአልጋውና ከዕቃው፣ ከስሙ፣ ከሥራ አስኪያጁ ብቃት ጭምር የመጣ ነው። ስለዚህ ከገቢው የአስተዳደር ክፍያ፣ የስም ክፍያ፣ ለዕቃ መተኪያ የሚያስፈልገውን እናወጣና የተረፈውን ለሕንጻው እንሰጣለን። "ይሄ ይበቃል፣ ንግዱ ወጥቷል" የሚል ገማችና "ምኑ ወጣ፣ ገና ብዙ ይቀነሳል" የሚል ጠበቃ ሁልጊዜ ይኖራል። ነዳጅ ማደያና የአረጋውያን መጦሪያም ላይ ያው ነው።

ትልልቅ መደብሮች "ሕንጻችንን እንደ ባዶ ቁጠሩት" የሚሉት ምን ማለታቸው ነው?

አሜሪካ ውስጥ ለዓመታት ያወዛገበ ጉዳይ ነው። አንድ ትልቅ መደብር ሰው እየገባ እየወጣበት ሳለ "ዋጋዬን ተዘግተው ከተሸጡ ሕንጻዎች ጋር አወዳድሩ" ይላል። ክርክሩ ሙሉ በሙሉ ቀልድ አይደለም፤ ለአንድ ድርጅት ልክ የተሰፋ ግዙፍ ሕንጻ ለሌላ ገዢ እውነትም ብዙ ላያወጣ ይችላል። ቀልዱ ያለው ማወዳደሪያዎቹ ላይ ነው። ብዙዎቹ ሲሸጡ ሻጩ "እዚህ ተፎካካሪዬ ሱቅ እንዳይከፍት" የሚል ገደብ ውሉ ላይ ጽፎባቸዋል። ራስህ አንካሳ ያደረግከውን ይዘህ መጥተህ ከጤነኛው ጋር አወዳድር ማለት ነው። በ2016 የሚሺጋን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በኤስካናባ ከተማ መደብር ጉዳይ ላይ እንዲህ ያሉ ሽያጮችን ተንተርሶ ዝቅተኛውን ግምት የተቀበለውን የግብር ትሪቡናል ውሳኔ ሽሮ ነገሩ እንደገና እንዲታይ መለሰው። ለትንሽ ከተማ እንዲህ ያለ ጉዳይ መሸነፍ የተከፈለውን ግብር መመለስም ነው።

ግምታችሁ ልክ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?

ከተሸጡት ጋር በማስተያየት። ግምቱን ለሽያጩ ዋጋ እናካፍላለን፤ በ9 ሚሊዮን የገመትነው በ10 ሚሊዮን ከተሸጠ 0.90 ነው። በ1934 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የግብር ገማቾች ማኅበር ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረ መለኪያ አለው፦ ቁጥሮቹ ተደርድረው መሃል ላይ የሚወድቀው ከ0.90 እስከ 1.10 ይሁን፤ ገቢ በሚያስገቡ ንብረቶች ላይ ከመሃሉ በአማካይ የሚርቁት ከ20 በመቶ አይብለጥ፣ በትልልቅ ከተሞች ከ15። ሌላም አለ፣ ትልልቁ ሕንጻ ከትንንሹ አንጻር ዝቅ ብሎ ተገምቶ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር። እኔ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ትልቅ ሕንጻ ያለው ጠበቃ ይቀጥራል፣ ያስቀንሳል፤ ጥግ ላይ ያለው ባለ ሱቅ ዝም ብሎ ይከፍላል። ይህ ዓመት በዓመት ሲደራረብ ቁጥሩ ላይ ይወጣል።

አንድ ነውር ልንገራችሁ። የተሸጠ ሕንጻ ሲገኝ የእሱን ግምት ብቻ ወደ ሽያጩ ዋጋ ስቦ ያልተሸጡትን ጎረቤቶቹን እንዳሉ መተው። ሪፖርቱ ያምራል፣ ከተማው ግን ተበላሽቷል። አንድ ቢሮ ውጤቱ ከመጠን በላይ ካማረ ይህን ጠርጥሩ።

ገበያው ወርዶ ግምቴ ለምን አልወረደም?

የግምት ቀን የሚባል ነገር ስላለ። እንግሊዝ ከሚያዝያ 1 ቀን 2023 ጀምሮ የሠራችበት የንግድ ንብረት መዝገብ የተመሠረተው በሚያዝያ 1 ቀን 2021 ኪራይ ላይ ነው፣ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ። ሆንግ ኮንግ በየዓመቱ እንደ አዲስ ስለምትገምት ክፍተቱ ጠባብ ነው። ክለሳው በራቀ ቁጥር ግምቱና ገበያው ይራራቃሉ፣ ክለሳው ሲመጣ ደግሞ ድንጋጤው ይበዛል። ባለሥልጣን ክለሳ ማዘግየት ይወዳል፣ የሚጮኸው ስለሚቀንስ። ከግምት ቀኑ በኋላ የሆነውን ነገር ይዛችሁ ብትመጡ ግን እኛ ምንም ማድረግ አንችልም፣ ብናዝንም።

ይግባኝ ብል ምን ይዤ ልምጣ?

"በዛብኝ" ማስረጃ አይደለም። ውሎቻችሁን፣ የኪራይ ዝርዝሩን፣ የጥገና ደረሰኝ፣ የፈሰሰውን ጣሪያ ፎቶ ይዛችሁ ኑ። ከሁሉ በፊት ግን መዝገቡ ላይ ያለውን ካሬ፣ የተሠራበትን ዓመትና የፎቅ ብዛት አረጋግጡ። ስህተቱ እዚያ ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ፊት ሳትቀርቡ በአንድ ስልክ ይስተካከላል። ቀኑ እንዳያልፍባችሁ፤ አንድ ቀን ያለፈበት ይግባኝ፣ ምን ያህል እውነት ቢሆን፣ አይታይም።

ለገማቹ ደግሞ፦ ጉባኤው ፊት ያላችሁ ደቂቃ ጥቂት ነው፣ ፎርሙላ አታብዙ። ሦስት የኪራይ ማወዳደሪያ፣ አንድ ካርታ፣ አንድ ገጽ ሂሳብ። እነሱ ትክክል ከሆኑ ደግሞ ጉባኤ ድረስ ሳትጎትቷቸው አስተካክሉ። ግትር ገማች ቢሮው ውስጥ ጀግና ይመስላል፣ ውጭ ግን ማንም አያምነውም።

ጉቦ? የባለሥልጣን ስልክ?

ይኖራል። አብዛኛው ጊዜ በፖስታ አይመጣም፤ "እሱ ሰውዬ ለከተማችን ብዙ የሠራ ነው" በሚል ይመጣል። መከላከያው ጽሑፍ ነው። የተቀየረ ግምት ሁሉ ማን፣ መቼ፣ በምን ማስረጃ እንደቀየረው መዝገብ ላይ ይግባ። ስልክ የደወለውን "ጥያቄውን በደብዳቤ ያድርጉልኝ" በሉት። አብዛኛው አይጽፍም።

ምን መማር አለብኝ?

ኢኮኖሚክስ፣ አካውንቲንግ፣ ሲቪል ምሕንድስና፣ የሪል እስቴት አስተዳደር፣ ሁሉም ያስገባል። ብዙ ቦታ ከዚያ በላይ የገማችነት ፈቃድ ወይም የቢሮውን ሥልጠናና ፈተና ይጠይቃሉ። ኤክሴል የግድ ነው። ትንሽ ስታቲስቲክስና የካርታ ሶፍትዌር ብታውቁ ትፈለጋላችሁ። ደመወዙ በግል ከሚሠራው ገማች ያንሳል፣ ግን ወር ጠብቆ ይመጣል። ሰው ሲቆጣባችሁ የምትንቀጠቀጡ ከሆነ ግን አስቡበት።

ኮምፒውተር አይተካችሁም?

መኖሪያ ቤት ላይ ብዙውን ወስዶታል፣ ጥሩም ይሠራል። ንግድ ላይ መረጃው ጥቂትና የተዘበራረቀ ስለሆነ ገና ነው። ማሽን ውል ማንበብ እየቻለ ነው፣ ያ ብዙ ድካም ይቀንሳል። ጉባኤ ፊት ቀርቦ "ይህን ቁጥር ለምን አላችሁ?" ሲባል የሚመልስ ሰው ግን ያስፈልጋል፤ "ሞዴሉ ነው ያለው" ብሎ ያሸነፈ እስካሁን አላየሁም።

እሺ፣ ሥራው ይስማማኝ እንደሆነ አሁን እንዴት ልሞክረው?

ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች የግምት መዝገባቸውንና የይግባኝ ውሳኔያቸውን ለሕዝብ ክፍት አድርገዋል። በየቀኑ የምታልፉበትን አንድ የንግድ ሕንጻ ምረጡ። ተከራዮቹን ቁጠሩ፣ አካባቢው ላይ የተለጠፉትን የኪራይ ማስታወቂያዎች ሰብስቡ፣ ከላይ ያሳየኋችሁን ሂሳብ ሥሩ፣ ከዚያ መዝገቡን ክፈቱና አስተያዩ። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ እስከ ሌሊት ከተቀመጣችሁ፣ ማመልከቻውን አስገቡ።